የብስክሌት ክለብ የፈጣኖች ብቻ አይደለም

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ የተመረጡ ጎዳናዎችን ለሰዓታት ከመኪና ነጻ ማድረግ ጀመረች። በ2016 ደግሞ የኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ይዞ መጣ። ነገር ግን ዳገቱ የሚያስፈራው፣ መኪናው የሚያስደነግጠው ሰው ብቻውን አይወጣም፤ አብሮት የሚነዳ ይፈልጋል።

«ካልቻልክ አትምጣ» የሚል ክለብ ታዲያ ማንን እያስቀረ ነው? ጀማሪዋን፣ ጎልማሳውን፣ አካል ጉዳተኛውን፣ ብስክሌት ተከራይቶ የመጣውን ልጅ። «ጉዞው ይጓተታል» የሚለው ሰበብ አያስኬድም። ዓይነ ስውር በሁለት ሰው ብስክሌት ከኋላ ተቀምጦ ይነዳል፤ እግሩ የማይታዘዝለት በእጅ የሚዘወር ባለሦስት ጎማ አለለት። ውድድርማ የራሱ ቦታ አለው፤ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን ኦሎምፒክ ብስክሌተኞች አሰልፋለች። የሰፈር ክለብ ሥራው ሌላ ነው።

ደንቡም ከባድ አይደለም፦ ፍጥነቱን የመጨረሻው ሰው ይወስን። ጎማ መለጠፍ የሚችል ከኋላ ይሁን። እንጦጦ ዳገት ላይ ብስክሌት መግፋት ነውር አይሁን። መናገሻ ሱባ ደን ሄዶ ለማደር ሲታሰብ ድንኳን የሌለው በጋራ ድንኳን ይደር፤ የሴቶች ማደሪያም አስቀድሞ ይለይ።

ጀማሪውን ዳገት ላይ ጥሎ የሚሄድ ክለብ፣ «መስመሩ ባዶ ነው» ብሎ የማማረር መብት የለውም።