እንባ ደመወዝ አያሰላም

እህቶቼ፣ እኔም የሰው ቤት ሠርቻለሁ። አሁን ሪያድ ውስጥ ደመወዛቸው የተያዘባቸውን ልጆች በፈቃደኝነት አጅባለሁ። «ዳኛው ፊት አልቅሺ፣ ያዝንልሻል» የሚለው ምክር ግን አይዋጥልኝም።

ክርክሩ መጀመሪያ በሰው ኃይል ሚኒስቴር በኩል በስምምነት እንዲያልቅ ይሞከራል፤ ካልሆነ ወደ ዳኛ ያመራል። ሁለቱም ጋ ጥያቄው አንድ ነው፦ በወር ስንት? የስንት ወር? ማስረጃሽስ? ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ጀምሪ፦ «ደመወዜ 1,000 ሪያል ነው። የ5 ወር አልተከፈለኝም። 5,000 ሪያል ይከፈለኝ።» ቀሪው ታሪክሽ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ውልሽን፣ የሐዋላ ደረሰኝሽን፣ ከማዳም ጋር የተጻጻፍሽውን ዋትስአፕ በቀን በቀኑ አስቀምጪ፤ ኮፒውንም ለምታምኛት እህት ላኪ። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በአዲስ ውል የሚሠሩ ደመወዛቸው በሙሳነድ በኩል እንዲከፈል ታዟል። እንዲህ ከሆነ፣ ገንዘብ ያልገባበት ወር ራሱ ይመሰክርልሻል። «ሁሉንም ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ግን ሳያነቡልሽ አትፈርሚ።

የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ዓረብኛ ነው፤ የማትችል በአስተርጓሚ ትሰማለች። የኩሽና ዓረብኛ ይበቃኛል አትበይ፣ አስተርጓሚ ጠይቂ።

ድብደባ ካለ ዝም በይ ማለቴ አይደለም። እሱ ለብቻው የሚቀርብ አቤቱታ ነው፤ ከደመወዙ ጋር ሲደባለቅ ሁለቱም ይድበሰበሳሉ።

ማልቀስ ነውር የለውም። ብቻ ቁጥሩን ከተናገርሽ በኋላ ይሁን።