ረዳት ዳኛ ልሁን ወይስ ነገረ ፈጅ?

የዘንድሮ ተመራቂዎች ላውንጅ ስንገናኝ ወሬያችን አንድ ነው፤ ‹‹ስትወጣ ምን ልትሠራ ነው?›› የሚል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ባንክ ነው። የባንክ ነገረ ፈጅ ደመወዙ ደህና ነው፣ የቤት ብድር አለው፣ ቤተሰብም ‹‹ልጄ ባንክ ነው›› ሲል ደስ ይለዋል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ጓደኛችን በፌዴራል ፍርድ ቤት ለረዳት ዳኝነት ሊያመለክት እንደሆነ ሲነግረን ጠረጴዛው በሳቅ ተሞላ። እኔም ስቄያለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ሳቅ እስካሁን ስለከነከነኝ ነው።

በመጀመሪያ ረዳት ዳኛ ምን እንደሚሠራ በደንብ ሳናውቅ ነው የምንንቀው። ረዳት ዳኛ አይፈርድም። መዝገብ ያነባል፣ የክሱንና የመልሱን ፍሬ ነገር አሳጥሮ ለዳኛው ያቀርባል፣ አግባብ ያለውን ሕግና የሰበር ውሳኔ ይፈልጋል፣ ሲታዘዝም የትእዛዝ ወይም የውሳኔ ረቂቅ ያዘጋጃል። አሜሪካኖች ይህን ሥራ እንደ ትልቅ ክብር ነው የሚያዩት። ሆራስ ግሬይ የሚባል ዳኛ እ.ኤ.አ. በ1882 ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ሲገባ ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት የወጣ ጎበዝ ልጅ ከራሱ ኪስ እየከፈለ ይዞ ገባ፤ ልማዱ ከዚያ ቀጠለ። የዛሬው ፕሬዚዳንታቸው ጆን ሮበርትስ ራሱ በወጣትነቱ የዳኛ ሬንኲስት ረዳት ነበር። እዚያ ግን አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሠርቶ መውጣት የተለመደ ነው። የእኛ ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ክፍል ውስጥ የሰማሁት ነገር ሳይሆን የምኖርበት ገላን ኮንዶሚኒየም ነው። ሕግ ተማሪ መሆንህ አንዴ ከታወቀ ደረጃ ላይ ሰው ያስቆምሃል። ያውም ውኃ በጄሪካን ተሸክመህ አራተኛ ፎቅ እየወጣህ። አንድ ቀን ጎረቤታችን የሆኑ እናት አንድ ወረቀት ይዘው አስቆሙኝ። ቤቱን የገዙት ዕጣ ከደረሰው ሰው ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላ መሸጥ ስለማይቻል በእጅ የተጻፈ ውል ተፈራረሙ፣ ሦስት ምስክር ቆመ፣ ገንዘቡ ተከፈለ፣ ‹‹እስከዚያው በውክልና ይሁን›› ተባለ። ከዚያ ሻጩ ሞተ። ወራሾቹ መጥተው ‹‹የአባታችንን ቤት ልቀቁ›› አሉ።

እኔ ደግሞ ጎበዝ ተማሪ ነኝ አይደል? አንድ በአንድ አወረድኩላቸው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት ይላል፤ የሰበር ሰሚ ችሎቱም በመዝገብ ቁጥር 21448 በ1999 ዓ.ም. ይህን አጥብቆታል፤ ውክልናውም ሌላ ስምምነት ከሌለ በቁጥር 2232 መሠረት ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል። እናትዬዋ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝና ‹‹ታዲያ ልጄ፣ ብሬስ?›› አሉኝ።

ቁጥር 1815 ተዋዋዮች በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ እንደሚል አውቃለሁ። ግን እንዴት? ገንዘቡ መከፈሉ በምን ይረጋገጣል? በሩን የቀየሩበት፣ ወለሉን ሴራሚክ ያስነጠፉበት ወጪ አብሮ ይጠየቃል ወይስ ለብቻው? ዳኛው ጭብጡን እንዴት ነው የሚይዘው? ሰበር ችሎቱ ከ1999 ወዲህ በዚሁ አንቀጽ ላይ ሌሎች ውሳኔዎችም ሰጥቷል፤ የሳቸውን ጉዳይ የሚመስለው የትኛው ነው? አፌ ተያዘ። ‹‹አይቼ እነግርዎታለሁ›› ብዬ ጄሪካኔን አነሳሁ።

ይህን ባንክ አያስተምረኝም። የባንክ ነገረ ፈጅ ሁልጊዜ የአንድ ወገን ነው፤ ብድሩ፣ ዋስትናው፣ ሐራጁ፣ በቃ። ችሎት ውስጥ ግን የሁለቱንም ወገን ወረቀት አንድ ላይ ታነባለህ፤ ክሱ እንዳማረበት የተጻፈው ሰው ማስረጃ ሲሰማ እንዴት ባዶ እንደሚሆን ታያለህ። ለልምምድ ፍርድ ቤት በወጣሁበት ጊዜ በጣም የገረመኝ አንድ መዝገብ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በሕጉ ሳይሆን በፍሬ ነገሩ መሆኑ ነው። የሰበር ውሳኔ በታችኛው ፍርድ ቤት ላይ አስገዳጅ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ነው፤ ዛሬም በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 እንደዚያው ነው። የታተሙት ቅጾች ከሃያ በላይ ናቸው። እኛ ለፈተና የምናነበው የመዝገብ ቁጥርና አንድ መስመር ድምዳሜ ነው።

‹‹ታዲያ ለምን በቀጥታ ዳኛ አንሆንም?›› የሚል አይጠፋም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ክልሎች ሲደራጁ የወረዳ ፍርድ ቤቶችን ለመሙላት የጥቂት ወራት ሥልጠና ብቻ ወስደው የተሾሙ ብዙ ነበሩ። ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም፤ ወንበሩ ባዶ ነበር። ግን የሰው ቤትና ነፃነት የምንለማመድበት አይደለም።

ተቃውሞው ግን ቀላል አይደለም። ስለ ታክሲ ሰልፍና ቃሊቲ ወርዶ ባቡር ይዞ ልደታ ስለመድረስ አላወራም፤ እሱን ለምደነዋል። የሚያስፈራኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በስተቀር በሌላ ሁኔታ አይመራም ይላል፤ መዝገብ ሲበዛ ግን የረዳቱ ረቂቅ ሳይነካ ቢፈረምበትስ? ባለጉዳዩ ያልተሾመ ሰው ፈረደበት ማለት ነው። ሁለተኛው ቅድም ያቆየሁት ነው። እኛ ጋ ረዳትነት ለዳኝነት ወረፋ መጠበቂያ ተደርጎ ነው የሚታየው። ሹመቱ ቢዘገይ ሰውየው ረዳት ሆኖ ያረጃል። ስለዚህ ፍርድ ቤቶችና የሕግ ትምህርት ቤቶች ተነጋግረው የሁለት ዓመት ቁርጥ ያለ ቅጥር ቢያዘጋጁ፣ ሲያበቃም የፈለገ ለዳኝነት ቢወዳደር፣ ያልፈለገ ወደ ጥብቅና ቢሄድ እላለሁ። ችሎት ጀምሮ መውጣት ነውር አይደለም። ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፣ ወጡ፣ የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ፣ በ2011 ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተመለሱ፤ እስከ 2015ም ቆዩ።

እኔ ማመልከቻዬን ጽፌያለሁ። ለራሴም ሁለት ዓመት ቆርጫለሁ፤ ቅጥሩ ቀን ባይኖረው እኔ ቀን አለኝ። ቤት ውስጥ ገና አልተናገርኩም፣ ምክንያቱም አባቴ ባንኩን ለዘመድ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል።

ለጎረቤቴ ግን ነግሬያቸዋለሁ። ከተቀጠርኩ የሳቸው መዝገብ እኔ ያለሁበት ችሎት ቢመጣ ሳልገልጠው ለዳኛው ‹‹ጎረቤቴ ናቸው›› ብዬ እንደምወጣ፣ ደረጃ ላይም ስለ ጉዳዩ ማውራት እንደማንችል አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና ወረቀቱን ከነጠላቸው ሥር አወጡት።

‹‹እንግዲያው ሳይቀጥሩህ አሁኑኑ ንገረኝ።››