የይለፍ ቃል በማኅተም

የዩኒቨርሲቲ መምህራንን ቢዝነስ ካርድ ተመልከቱ፤ ብዙዎቻችን ያተምንበት የግል ጂሜይላችንን ነው። የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ አጥተን አይደለም፤ አልከፈት ብሎን እንጂ። እኔ በማስተምርበት ግቢ የይለፍ ቃል የጠፋበት መምህር ማመልከቻ ይጽፋል፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይፈርማል፣ ማኅተም ይደረጋል። ከዚያማ «ባለሙያው መስክ ወጥቷል» ነው!

ነገሩ የኢሜይል ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ጉግል ዶክስና ድራይቭ የሚከፈቱት በዚያው አካውንት ነው፤ አምስት መምህራን አንድ ሰነድ ላይ እኩል ይሠሩበታል። እኛ ግን ሥርዓተ ትምህርቱን ዛሬም በፍላሽ፣ ከነቫይረሱ እንቀባበላለን። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እያልን! መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ግቢዎችን ሲያዘጋ እንኳ አልነቃንም።

«ለደኅንነት ነው» ይሉናል። የቱ ደኅንነት? የተማሪ ውጤት በግል ጂሜይልና በቴሌግራም ሲዘዋወር ማን ጠየቀ? መምህሩ ሥራ ሲለቅ የፈተናው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የቃለ ጉባኤው ፋይል አብሮት ይሄዳል። ተማሪው ማንን ይጠይቅ?

«በጀት የለም» እንዳይሉን ደግሞ ጉግል መሠረታዊውን አገልግሎት ብቁ ለሆኑ የትምህርት ተቋማት በነፃ ይሰጣል። «ኔትወርክ የለም» ካሉም፣ የግል ጂሜይላችን በየትኛው ኔትወርክ ነው የሚሠራው?

አካውንቱ ከቅጥር ደብዳቤው ጋር በዕለቱ ይሰጥ። አለበለዚያ የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት የየመምህሩ ኪስ መሆኑን በይፋ ይንገሩን።