ሳናነብ ስለምንመርቀው ደንብ

እኩዮቼ፣ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃና በየቡ ፀጉራችሁ የሸበተ፣ በየሰፈራችሁ ሽማግሌ የተባላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ይህን የምጽፈው ለከንቲባ አይደለም፣ ለወጣቱም አይደለም። ከንቲባው የሚሰማው የበላይ አለው፤ ወጣቱም ከእኛ ይልቅ ስልኩን ማመን ከጀመረ ሰንብቷል። የምጽፈው በየአዳራሹ የክብር ቦታ ለሚለቀቅልን፣ ስብሰባ ሲከፈት «ዱዓ አድርጉልን»፣ ሲዘጋ «መርቁልን» ለምንባለው ለእኛው ነው፤ የምፈራው ጥፋት ከሁሉ አስቀድሞ በእኛ ደጅ የሚያልፍ ሆኖ ታይቶኛልና።

ከተማ አይታደስ የሚል ሰው አይደለሁም። የጅማን የክረምት ጭቃ ሳይራመድ ያረጀ ከመካከላችን የለም፤ አመሻሽ ላይ ከሄርማታ መርካቶ ወደ ቤታችን ስንመለስ በጨለማ እየዳበስን የኖርን ነን፤ አዌቱም ልጆች ሳለን ውሃ የተራጨንበት ወንዝ መሆኑ ቀርቶ አፍንጫ የሚያስይዝ ቦይ ሲሆን እያየን ኖረናል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ሲወጣ ጅማንም ደረሳት፤ መንገዱ ሰፋ፣ የእግረኛ መሄጃው ተነጠፈ፣ መብራቱ ቆመ፣ የአዌቱ ዳርቻም ሰው አረፍ የሚልበት ሆነ። እኔም በዚያ ዳርቻ ተቀምጬ ደስ ብሎኛል። የሚያስፈራኝ ከድንጋዩ ንጣፍ ጋር ተከትሎ የሚመጣው ወረቀት ነው፤ በረንዳ ላይ ማን ይሽጥ ማን ይነሣ የሚለው፣ የሱቅ በር ምን ቀለም ይቀባ የሚለው፣ ባለ አንድ ፎቅ መሥራት ያልቻለ መሀል ከተማ ላይ ምን መብት አለው የሚለው፣ ያጠፋ ስንት ይቀጣ የሚለው ወረቀት፤ እሱ ላይ ነው ዓይናችንን የጨፈንነው።

ስሟን በማልጠራት አንዲት የቡና ከተማ የሆነውን ልንገራችሁ። በረቂቅ ደንብ ላይ ትወያያላችሁ ተብለው ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና የእድር ዳኞች ተጠሩ። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል፣ ከመድረኩ ጀርባ ባነር ተሰቅሏል፤ ረቂቁ ግን በአንዳቸውም እጅ አልገባም። አንድ ወጣት ባለሙያ ግድግዳ ላይ በሚበራ ደቃቅ ጽሑፍ፣ መነጽሩን ቤቱ ለረሳ ሽማግሌ ፊት፣ አንቀጹን በአንቀጽ ላይ እየደራረበ አሳለፈው። በመሀሉ ስም፣ ስልክ ቁጥርና ፊርማ የሚል ሠንጠረዥ የተሰመረበት ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ለአበል ነው ተባለ፤ ሁሉም ፈረመ። ከወራት በኋላ በዚያ ደንብ ምክንያት የሥራ ቦታዋን ያጣች አንዲት ሴት አቤት ልትል ብትሄድ፣ ወረቀቱ ከቃለ ጉባኤ ጋር ተሰፍቶ ቀረበላት፤ ከላዩም ተሳታፊዎች በሙሉ ድምፅ እንደተስማሙ ተጽፏል። ፊርማዎቹን በጣቷ እየተከተለች ስትወርድ የራሷን እድር ዳኛ ስም አገኘች። ዳኛው ይህን ሲያጫውተኝ ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ እንደተለወጠ ነገረኝ፤ ነውር አልተናገረችውም፣ አልዘለፈችውም፣ ብቻ ቀና ብላ አታየውም።

ሳይጠይቁ ማጨብጨብ ለእኛ ትውልድ አዲስ ነገር አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ ብዙዎቻችን ጎረምሶች ነበርን። ኪራይ ተቀነሰ፣ አደባባዩ በጭብጨባ ደመቀ፣ አከራይ የሚለው ስም ስድብ ሆነ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ የሚበልጡት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። በዚያ ቀን ፍትሕ አልነበረም አልልም፤ ደሃው በኪራይ ይማቅቅ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሀል ይህ ጣሪያ ሲያፈስ ቆርቆሮውን የሚቀይረው ማነው ብሎ የጠየቀ ድምፅ አልተሰማም። ተከራዩ የእኔ አይደለም ብሎ ተወው፤ ቀበሌው ከአንድ ቤት በወር በሚሰበስባት ጥቂት ብር ሚስማር መግዛት አቃተው፤ ጭቃው እየተላጠ፣ ማገሩ በምስጥ እየተበላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ነጎደ። ዛሬ በየከተማው መሀል ያረጀና የተጎሳቆለ ሰፈር እየተባሉ ከሚፈርሱት ብዙዎቹ እነዚያው ቤቶች ናቸው። ያኔ ባልተጠየቀ ጥያቄ የመጣው ጉስቁልና ዛሬ ለማፍረሻው ምክንያት ሆኖ ቀረበ፤ በውስጣቸው ያረጁትም እኩዮቻችን ናቸው።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረትን መውሰድ እንደሚችል ይፈቅድና፣ ተመጣጣኝ ካሳ ግን በቅድሚያ ይከፈል ይላል። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ የሚነሣው ባለይዞታ አስቀድሞ እንዲመከር፣ ቅሬታውም የሚሰማበት ቦታ እንዲኖር ያዛል፤ አልፎ ተርፎም ከጎረቤቱ ለሚለይ ሰው ስለሚቋረጥበት ማኅበራዊ ትስስር ካሳ እንዲታሰብለት ይደነግጋል። ይህን ያነበብኩ ዕለት ሕግ አውጪው ጉርብትና ዋጋ አለው ብሎ በጽሑፍ ሲያኖር፣ በጉርብትና ያረጀነው እኛ እንዴት ዘነጋነው ብዬ አዝኛለሁ። ያም ሆኖ ሕጉ በቅድሚያ የሚያውቀው የይዞታ ካርታ በእጁ ያለውን ነው። በሰው በረንዳ ላይ ጀበና ጥዳ የምታድረው፣ በጣሳ ቡና እየሰፈረች የምትሸጠው፣ በመጋዘን ደጅ ቡና ስትለቅም ውላ በዕለት ክፍያ ልጅ የምታሳድገው ካርታ የላቸውም፤ የእነሱ ዕጣ ያለው በከተማው ደንብ ውስጥ ነው፣ ያም ደንብ እኛ ሳናነብ የምንመርቀው ነው።

ከተማዋን የሠራት ግን እንዲህ ያለው ገበያተኛ ነው፤ ጅማ እኮ ማዘጋጃ ቤት ሳይኖራት ገበያ የነበራት አገር ናት። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከጅሬን ኮረብታ ሆነው ሲገዙ፣ ከታች የሄርማታ የሐሙስ ገበያ በደቡብ ምዕራቡ ምድር የገነነ ነበር፤ ነጋዴ ከሩቅ አገር የሚጎርፈው ለንግድና ለነጋዴ የሚጠነቀቅ ገዢ ስላገኘ ነው። በዚያ ገበያ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበርና ያለፈውን ዘመን ለማሳመር አልተነሣሁም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ፣ ጣሊያንም በወረራው ዘመን ሕንፃውን የደረደረው፣ ገበያው በሰበሰበው ሰው መሀል ነው። ቡና ያለው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ የሰሳና የዋንዛ ጥላው የተነሣለት ቡና በመጀመሪያው ዓመት ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያፈራል፣ ባለቤቱም በብልሃቱ ይመካል፤ ከዚያ በኋላ ግን እንጨቱ ከጫፉ እየደረቀ ይመለሳል። ጥቃቅኑን ነጋዴ ከመሀል ከተማ ማንሣትም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጎዳናው ያምራል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ቀጥሎ የሻይ ቤቱ ደንበኛ ይሳሳል፣ ልብስ ሰፊው መኪናውን ወደ ጓዳ ያስገባል፣ ቡናውን ሸጦ ለልጆቹ ደብተርና ጫማ ሊገዛ የመጣው ገበሬም ኪሱ የሚችለው ሱቅ አጥቶ ይመለሳል።

ስለ ውሃም አንድ ነገር ልጨምር። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ በሚወርድበት አገር የመንገዱ ንጣፍ ከሱቁ ወለል በአንድ ስንዝር ሲበልጥ የሚሆነውን ማየት የፈለገ በሰኔ ይምጣ። ውሃው ጎዳናውን አጥቦ በበሩ ሥር ይገባና የተደረደረውን የጀንፈል ጆንያ ከታች ያርሰዋል። ቡና እርጥበቱ ከ12 በመቶ ሲያልፍ ለሻጋታ ይጋለጣል፤ ነጋዴው የላይኛውን ረድፍ አንሥቶ የታችኛውን ሲገለብጥ ሽታው ይቀበለዋል። የሱቄን ወለል ማንሣት የማን ዕዳ ነው ብሎ ደንቡን ቢያስነብብ፣ የሚያገኘው የበሩን ቀለም ነው። ከመሀል ከተማ በቱቦ ተገፍቶ የሚሄደውም የትም አይጠፋም፤ ከአዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከቦዬ ወደ ግልገል ጊቤ ይወርዳል።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ ሲፈርሱ የዕድሜ ልክ ጉርብትና በሳምንታት ተበተነ። ከተነሡት የተሻለ ቤት ያገኙ አሉ፤ እድራቸው ግን ከዕቃቸው ጋር በመኪና አልተጫነም። በእኛም ከተሞች እንዲህ የሆነ ቀን መሐንዲሱ በሥራ ትእዛዙ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ሹሙም በሌላ ሹም ይተካል፤ ከተበተነው ሰው ጋር ዓይን ለዓይን እየተያየን የምንቀረው እኛ ነን። እንቅልፍ የሚነሣኝም ይኸው ነው። በዚሁ በጅማ ዞናችን በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ በቤሻሻና በአካባቢው፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በአሰንዳቦ በእምነት ስም እሳት ሲነድ አይተናል፤ ከዚያ በኋላ ጎረቤትን ከጎረቤት ለማስታረቅ በየደጁ መዞር የነበረበት ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ደግሞ መሣሪያ የለው፣ ማኅተም የለው፤ ያለው ቃሉ ብቻ ነው፣ ያንንም ሰው እስካመነው ድረስ። አላህ ያርቀውና፣ እግዚአብሔር ያርቀውና፣ እንዲያ ያለ ቀን ዳግም ቢመጣ ያቺ በቃለ ጉባኤው ላይ የዳኛዋን ፊርማ ያየች ሴት በሯን ትከፍትልናለች? ልጅሽን ያዢ ብንላትስ ትይዝልናለች?

እኩዮቼ፣ ገና ነው፤ ብዙው ደንብ ረቂቅ ነው፣ አጋሮና ሊሙ ገነትም የጅማን እያዩ ነው የሚሠሩት። በሚቀጥለው ጥሪ ረቂቁ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ተጽፎ፣ ከስብሰባው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ በእጃችን ይግባ እንበል፤ የሚያነብልን የልጅ ልጅ አናጣም። በየእድራችን ይነበብ፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሰማ፣ ይፈርሳል ተብሎ በራቸው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባባቸው ሰዎችም ከእኛ ቀድመው ይናገሩ። ዱዓውም ምርቃቱም ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የአበሉ መፈረሚያና የስምምነቱ ቃለ ጉባኤም በሁለት ወረቀት ይለያዩልን፤ አይለያዩም ካሉን አበሉን ትተን እንነሣ፣ የባጃጅ ሒሳባችንን እድሩ አይነፍገንም።