ኮቱ አለ፣ ባለቤቱ የለም

አዲስ አበባ ውስጥ መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። ኮቱ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ባለቤቱ ግን የለም። «አሁን እዚህ ነበሩ፣ ሻይ ሊጠጡ ወጣ ብለው ነው» ይላሉ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያሉት። ጠዋት ፈርመው ገብተዋል፣ ማታም ፈርመው ይወጣሉ። በመዝገቡ ላይ ጉድለት አይገኝም።

የዚህን ፍጹም ተቃራኒ የሞከረ ድርጅት በሚኒሶታ ነበር። ቤስት ባይን ሪቻርድ ሹልዝ እ.ኤ.አ. በ1966 ሴንት ፖል ውስጥ ሲከፍተው የቴፕና የድምፅ ማጉያ መሸጫ ነበር። በኋላ በመላው አሜሪካ የተስፋፋ የኤሌክትሮኒክስ ሻጭ ሆነ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሪችፊልድ ነው፣ ከሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም አይርቅም። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ካሊ ረስለርና ጆዲ ቶምፕሰን የተባሉ ሁለት የሰው ኃይል ባለሙያዎች እዚያው ሆነው አንድ አሠራር ቀየሱ። ሠራተኛው የሚለካው በውጤቱ ብቻ ይሁን፤ መቼ እንደሚገባ፣ የት ተቀምጦ እንደሚሠራ የራሱ ጉዳይ ነው። ስብሰባም ቢሆን ካላስፈለገው አይገባም።

በጣም የምወደው ንግግርን የሚመለከተውን ክፍል ነው። አንድ ሰው ረፈድ አድርጎ ሲመጣ «ዛሬ ደግሞ አራት ሰዓት ላይ ብቅ አልክ?» የሚለውን ሽሙጥ ሁለቱ ሴቶች ስም አወጡለትና ከቢሮ አገዱት። ያወጡለት ስም በእኛ ቋንቋ «አተላ» ቢባል ልክ ይመጣል። እንዲህ ያለ ሽሙጥ ለሥራው ምንም አይጨምርም፤ የሚሰማውን ሰው ግን ያሸማቅቃል።

በወቅቱ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ምሁራን የነበሩት ፊሊስ ሞየንና ኤሪን ኬሊ አሠራሩን በቅርብ አጥንተውታል። በዚህ አሠራር የገቡት ሠራተኞች ካልገቡት ይልቅ ሥራ የመልቀቅ ዕድላቸው አነስተኛ ሆነ፣ የእንቅልፍ ሰዓታቸውም ጨመረ። ጥሩ ቡድን መገንባት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው፤ ተግባብቶ መሥራት የሚቻለው ሰዎቹ አብረው ሲቆዩ ነው።

ይሁንና በ2012 ቤስት ባይ ክፉ ጊዜ ገጠመው። ደንበኛ ሱቅ ገብቶ ቴሌቪዥኑን አገላብጦ ካየ በኋላ ቤቱ ሄዶ ከአማዞን ይገዛ ጀመር። ዋና ሥራ አስኪያጁም በዚያው ዓመት ለቀቀ። በምትኩ የመጣው ፈረንሳዊው ሁበርት ጆሊ በመጋቢት 2013 አሠራሩን አስቀረው። የኢንተርኔት ኩባንያው ያሁ ከቤት መሥራትን ከከለከለ ገና ብዙ አልቆየም ነበርና ብዙዎች «አለቆች ተባበሩብን» አሉ።

የጆሊ ክርክር ግን «ዓይኔ ሥር ሁኑ» ከሚለው የጠለቀ ነበር። ስታር ትሪቢዩን በተባለው የሚኒያፖሊስ ጋዜጣ ላይ እንዳስረዳው፣ አሠራሩ አለቃ ሁልጊዜ ሥራውን ሰጥቶ ገለል ይበል የሚል ነው፤ ሰው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ግንብ ገንብቶ የማያውቅን ሰው ግንብ ሥራ ብሎ ትቶ መሄድ እምነት አይባልም። ይህ ለእኔ ሚዛን ይደፋል። የእኛ ገበሬ በጅጌ ሲያጭድ ሰዓት አይቆጥርም፣ የሚያየው ማሳውን ነው። ሆኖም ማጭድ ገና ያልለመደን ልጅ ብቻውን አያሰልፈውም፤ ከአንድ ልምድ ካለው አጫጅ አጠገብ ያቆመዋል።

ችግሬ ከውሳኔው ጋር ነው። ለሁሉም አንድ መለኪያ አይሆንም ያለው ሰው ወደ 4,000 ለሚጠጉ የዋና መሥሪያ ቤት ሠራተኞች አሠራሩን በአንድ ጊዜ አነሳ። ከዚያ በኋላ ነፃነቱ በየአለቃው ፈቃድ ሆነ። ጥሩ አለቃ ያለው አልተጎዳም። ከአለቃው ጋር ምሳ የማይበላ፣ ቀልዱ የማይገባው፣ አነጋገሩ የሚለይ ስደተኛ ግን ከግል ፈቃድ ይልቅ የተጻፈ ደንብ ያዋጣዋል።

ለጆሊ ግን አንድ ነገር ልመስክርለት። ሥራ የጀመረው ሴንት ክላውድ በሚገኝ ሱቅ ውስጥ ከሻጮቹ ጋር ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ፣ ተለማማጅ መሆኑን የሚናገር ባጅ ደረቱ ላይ ለጥፎ ነው። ቀደም ሲል ተቀንሶ የነበረውን የሠራተኞች የዕቃ ቅናሽ የመለሰውም ሠራተኞቹን አዳምጦ ነው። ቤስት ባይ በኋላ ማንሰራራቱ እውነት ነው። ዋጋን ከተፎካካሪ ጋር ማስተካከልን ጨምሮ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ስለተለወጠ ግን ውጤቱን አሠራሩን ለማስቀረቱ ብቻ መስጠት አይቻልም።

ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሱት ሻጮች ደግሞ ከመጀመሪያውም በዚያ ነፃነት ውስጥ አልነበሩም፤ ክርክሩ በሙሉ በዴስክ ሠራተኞች ላይ ነበር። ሱቅ ያለ ሻጭ አይከፈትም። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ያለው የእኛ ሰውም ብዙው የሚሠራው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ በመጋዘን፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ፓርኪንግ። ከቤት ሆኖ መሥራት የእሱ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። አለቃውን የሚጠይቀው የሁለት ሳምንት ሺፍቱ ቀደም ብሎ እንዲነገረው፣ የትንሣኤ ዕለትም ከባልደረባው ጋር እንዲቀያየር እንዲፈቀድለት ነው።