ጎረቤትን ሌባ የሚያደርግ ካርታ

አሰላ ላይ ቤት የሚሸጥ ሰው የካርታውን ጉድ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ቀብድ ከተቀበለ በኋላ ነው። ዋጋ ተቆርጧል፣ ደላላው ኮሚሽኑን በልቡ ቆጥሯል፣ የቀረው ስም ማዛወር ብቻ ነው። ባለሙያው ይመጣል፣ መሣሪያውን ይተክላል፣ ይለካል፣ ወረቀቱን ያያል፣ እንደገና ይለካል። ከዚያ «ካርታው 200 ካሬ ይላል፣ ግቢው ግን 196 ነው፤ አጥራችሁም ጎረቤት ውስጥ ገብቷል» ይላል። በቃ! ሠላሳ ዓመት ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ሁለት ቤቶች ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከሳሽና ተከሳሽ ናቸው።

ማንም ሳይሰርቅ መሬት ሊጎድል ይችላል። ካርታው ያጎደለውን ማስተካከል ደግሞ የቢሮው ዕዳ እንጂ የሻጩ አይደለም።

ሒሳቡን እንየው። አሰላ ጭላሎ ሥር፣ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ካርታ የሚቆጥረው አግድሙን ርቀት ነው፤ ቁልቁለቱን አይቆጥርም። አምስት ሜትር ሲሄዱ አንድ ሜትር በሚወርድ ቦታ ላይ፣ እንደ ድሮው ሜትሮው መሬት ለመሬት ተዘርግቶ 20 ሜትር ከተለካ፣ አግድሙ 19 ሜትር ከ61 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የጎደለው 39 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ስንዝር ከምናምን። 10 በ20 ተብሎ የተሰጠ ቦታ 196 ካሬ የሚሆነው በዚህ ነው። አሁን አሥር ቤቶች ከላይ ወደ ታች ተደርድረው እንደሆነ አስቡ። ጉድለቱ ይደማመራል፤ የአሥረኛው ቤት የላይ አጥር በካርታው መሠረት ዘጠነኛው ግቢ ውስጥ ሦስት ሜትር ተኩል ገብቶ ይገኛል። አጥሩ ግን ከተተከለበት ንቅንቅ አላለም። ሌባው ሜትሮው ነው።

ትልቁ ስሕተት እንዲያውም አይጎዳም። አገራችን ለረጅም ጊዜ የሠራችበት አዲንዳን የሚባል የካርታ መነሻ አለ (ስሙ ከቦታ ስም የመጣ ነው)። ጂፒኤስ ደግሞ በሌላ መነሻ ነው የሚሠራው። ሁለቱ ከተደባለቁ ቤቱ 200 ሜትር ያህል ይሸሽና ሌላ ሰፈር ላይ ያርፋል። ያኔ ሁሉም ይስቃል፣ ይታረማል። ሰው የሚያጣላው ትንሿ ስሕተት ናት፣ ሌብነት የምትመስለዋ።

አርሲ ደግሞ ለመለካት እንግዳ አይደለም። ቀላድ የተጣለበት አገር ነው፤ መሬቱ በጋሻ እየተቆጠረ፣ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ ሲመደብ ገመዱን የያዘው ሰው ምን ያህል ኃይል እንደነበረው ሽማግሌዎች ይነግሯችኋል። 1967 መጣና የገጠሩ በአዋጅ ቁጥር 31፣ የከተማው በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆነ፤ ከተሜው ለመኖሪያ እስከ 500 ካሬ ተፈቀደለት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። እሺ ይሁን። ሻጩ የሚሸጠው ግድግዳና ጣሪያ ነው ማለት ነው። ታዲያ መሬቱ የመንግሥት ከሆነ ስሕተቱስ የማን ነው? ሊዝና ግብር ሲሰበሰብ መሬቱ የመንግሥት ነው፤ አራት ካሬ ሲጎድል ግን «ከጎረቤትህ ጋር ተነጋገር» ይባላል!

መዝገቡም የዘገየ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ አንድ ሙሉ ክፍል ጽፎ፣ መጨረሻው ላይ ራሱ ወደፊት በሚወጣ ትእዛዝ እስኪጀመር ድረስ ይቆይ ብሎ አስቀመጠው። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የወጣው በ2006 ነው። ሃምሳ አራት ዓመት!

በዚህ መሐል የሚጠቀመው ይታወቃል። ገዢው «ካርታው ችግር አለበት» ብሎ ዋጋ ያወርዳል፤ ደላላው «ሻይ ካለ እናስተካክለዋለን» ይላል፤ ጎረቤት ለፊርማው ገንዘብ ይጠይቃል። የሚከፍለው ሻጩ ብቻ ነው።

አጥር የሚገፋ የለም አልልም። አለ፣ መንገድም ወንዝ ዳርም የሚበላ ሞልቷል፤ እንዲህ ያለው ይመለስ። ግን ሁለቱን መለየት አስማት አይደለም። አንድ አጥር ብቻ ወጥቶ ከተገኘ ገፊ አለ። አሥሩም አጥሮች ወደ አንድ አቅጣጫ፣ እየጨመረ በሚሄድ ልክ ከተዛነፉ ግን ስሕተቱ የልኬት ነው። ይህን ለማወቅ ሙሉውን ረድፍ መለካት ይበቃል። ቢሮው የሚለካው ግን የሚሸጠውን ቤት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ሌባ ያገኛል።

ገጠሩ ከከተማው የተሻለ አይቷል። በሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሥራ ገበሬው ከአዋሳኞቹ ጋር ቆሞ ድንበሩን ከአየር በተነሣ ፎቶ ላይ ያሳያል፤ ካርታው ደብተር ከመሆኑ በፊት ለሕዝብ ይለጠፋል፤ ቅሬታ ያለው ይናገራል። የአሰላ ሻጭም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ረድፉ በሙሉ ይለካ፣ አራቱም አዋሳኞች በተስማሙበት አጥር ላይ ይፈርሙ፣ ቢሮው ካርታውን በራሱ ወጪና በተቆረጠ ቀን አርሞ ይስጥ። የማይስማሙትን ጃርሱማ ይያቸው፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት። እስከዚያው ቤት ልትሸጡ ያሰባችሁ ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት አስለኩ፤ ስታስለኩም የላዩንና የታቹን ጎረቤት ግቢ አብሮ ካልለካ የባለሙያውን ወረቀት አትፈርሙ።