“ሰነፈችብኝ” ከማለታችሁ በፊት

ዛሬ የምጽፈው ትንሽም ብትሆን የራሳችሁ ሥራ ላላችሁ ነው፤ ቁርስ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ሱቅ፣ ፀጉር ቤት፣ የቡና መጋዘን ላላችሁ። “ዶክተር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የንግድ አማካሪ የሆነው?” የምትሉ አትጠፉም። ታገሱኝ፣ ዞሬ ዞሬ ወደ ጤና መግባቴ አይቀርም።

ባለፈው ጥቅምት ከቦንጋ ወደ ሚዛን ስሄድ ቁርስ ለመብላት ሺሺንዳ ወረድኩ። ጥቅምት እዚያ የቡና ወቅት ነው። ቀይ ቡና በየአልጋው ተሰጥቷል፣ አይሱዙው ቆሟል፣ ለቃሚው፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩ ሁሉ ቁርስ ይፈልጋል። የገባሁባት ቤት ጢም ብላለች። ፍርፍር ያዘዝኩት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ የመጣልኝ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እሱም ጎረቤቴ ያዘዘው እንቁላል ሆኖ!

ባለቤቷ በሃምሳዎቹ ያሉ ጠንካራ ሴት ናቸው። ሒሳብ ስከፍል “ይቅርታ ልጄ፣ የዘንድሮ ልጆች ሥራ አይወዱም። ከመስከረም ወዲህ ሦስተኛዋን መቅጠሬ ነው” አሉኝ። ሐኪም መሆኔን ሲሰሙ ቡና አስቀዱልኝና “እስቲ ይቺን እያት፣ ቆማ ትተኛለች” ብለው አንዷን ጠሩ። (ስም አልጠቅስም፤ ታሪኩን እንድጽፈው ግን እሳቸውም ልጅቷም ፈቅደውልኛል።)

ልጅቷ 19 ዓመቷ ነው። የምትነሳው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል፣ ዕቃ አጥባ የምትተኛው ማታ አምስት ሰዓት። የምትተኛውም እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው፤ ቀን ጀበና ሲጣድበት የዋለው ከሰል ማታ ለሙቀት ወደ ጓዳ ይገባል። እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል፣ ያቅለሸልሸኛል አለችኝ። ወገኖቼ፣ ይኼ ስንፍና አይደለም፤ ከከሰል የሚወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። ሌላውን ምክሬን ሁሉ ብትተዉት እንኳ ይቺን አትተዉ፦ ሰው በሚተኛበት ክፍል የተቀጣጠለ ከሰል ማደር የለበትም።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ቤቷ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተከፍታ ማታ 4 ሰዓት ትዘጋለች። 17 ሰዓት ነው። በሰባት ቀን 119 ሰዓት። ሁለቱም ልጆች ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንዴም ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር ያዛል። ትርፍ ሰዓትም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 መብለጥ የለበትም፤ ክፍያውም ቢያንስ የመደበኛው አንድ ተኩል ነው። “እሱ የትልልቅ ድርጅት ሕግ ነው” የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አይደለም፤ ሁለት ሰው ቀጥሮ የሚነግድ ቁርስ ቤትም ይመለከተዋል።

ሕጉን ለጊዜው እንተወውና በብር ብቻ እናስበው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር የጥይት ፋብሪካዎች የሠራተኞቹ፣ በተለይ የሴቶቹ፣ የሥራ ሰዓትና ምርት ተመዝግቦ ነበር። የስታንፎርዱ የኢኮኖሚ ባለሙያ ጆን ፔንካቨል ያንን መዝገብ በ2014 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲያሰሉት፣ በሳምንት 70 ሰዓት የተሠራበት ምርት 56 ሰዓት ከተሠራበት እምብዛም የማይለይ ሆኖ አገኙት። 14ቱ ሰዓት ማለት ይቻላል በከንቱ ሄዷል። ጥይት አምራችና ፍርፍር አቅራቢ አንድ አይደሉም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን የእኔ ፍርፍር የት እንደደረሰ አስታውሱ።

ለእሳቸው ያልኳቸው ቀላል ነገር ነው፦ “ለአንድ ሳምንት በየሰዓቱ ስንት ብር እንደገባ ደብተር ላይ ይጻፉልኝ።” ጻፉ፣ ደወሉልኝም። ገንዘቡ ያለው ጠዋት እስከ አራት ሰዓት እና ምሳ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 11 ቤቱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለት ሦስት ሻይ፣ ለዚያውም በዱቤ! ለዚያች ሻይ ሲባል ነው እንግዲህ ልጅቷ እስከ አምስት ሰዓት የምትቆመው።

ስለዚህ እንዲህ ተስማማን። አንዷ ከሌሊቱ 11 እስከ ቀኑ 7 ሰዓት፣ ሌላዋ ከረፋዱ 5 እስከ ማታ 1 ሰዓት። ምሳ ላይ ሁለቱም ይገናኛሉ። ለጠዋቱ ግርግር፣ በቡናው ወቅት ብቻ፣ ከ12 እስከ 4 ሰዓት የምትመጣ ሦስተኛ ልጅ። ዕረፍታቸውን ተራ በተራ ሲወጡ ሰዓት ጨምራ የምትሸፍነው እሷ ናት። “ሦስተኛ ደሞዝ ከየት ላምጣ?” አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም “በሁለት ወር ሦስት ሰው ሲቀያይሩ የተሰበረው ብርጭቆ፣ የተሳሳተው ሒሳብ፣ ቀርቶ የሄደው ደንበኛ ስንት ነው?” አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ።

ሌላው ነገር ደም ነው። የልጅቷን የዓይን ሽፋን ገለጥ አድርጌ ሳይ ነጣ ብሏል። ጤና ጣቢያ ተመርምራ የደም ማነስ ተገኘባት። በ1979 እ.ኤ.አ. የታተሙ ጥናቶች፣ በስሪላንካ ሻይ ለቃሚ ሴቶች ላይና በኢንዶኔዢያ የጎማ ዛፍ ሠራተኞች ላይ፣ የደም ማነስ ያለባቸው ሰዎች ብረት ሲሰጣቸው የሥራ ውጤታቸው እንደጨመረ አሳይተዋል። ማንም አልተቆጣቸውም፣ ማንም አላባረራቸውም፤ ደማቸው ነው የተስተካከለው። ግን ክኒን ከፋርማሲ ገዝታችሁ አታድሉ! መንስኤው የወር አበባ ብዛት፣ የአንጀት ትል ወይም ሌላ ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ይቅደም።

ካፋ ላይ ይህን ማለት ድፍረት ነው፣ ግን ልበለው፦ ቡናን ከምግብ ጋር ወይም ምግብ እንዳበቃ መጠጣት ሰውነታችን ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል። ሻይ ይብሳል። በጥናት እንደታየው ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ይህን ጉዳት አላመጣም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣ ያህል ቀንሷል። ሠራተኞቻችሁ ደንበኛ የተወውን ምግብ በቡና እያወራረዱ ቆመው የሚበሉ ከሆነ፣ ጉልበት ከየት ይመጣል? ተቀምጠው የሚበሉበት ግማሽ ሰዓት ስጧቸው።

በመታመም ላይ ደሞዝ የምትቆርጡም እባካችሁ አስቡት። ምግብ ቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዛት ልጅ፣ ብትቀር ደሞዟ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ትመጣለች። መጥታ ሰላጣ ትከትፍላችኋለች። ተቅማጡ ከቆመ በኋላ 48 ሰዓት እስኪሞላ ምግብ መንካት የለባትም። በሕጉም የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ አለው። ለቡና ነጋዴዎችም አንድ ነገር፦ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ለአንድ ወንድ ሠራተኛ ሸክም ያስቀመጠው ጣሪያ 55 ኪሎ ነው። የኤክስፖርት ጆንያችን 60 ነው። ለሁለት ይያዝ።

ሰነፍ ሠራተኛ የለም አላልኩም። አለ። 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ የተቀመጠውም ለዚያ ነው። እኔም ራሴ ክሊኒኬ ውስጥ ስታረፍድብኝ ለነበረች ነርስ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን፣ ጠዋት ጠዋት እያስመለሳት መንገድ ላይ ሁለቴ ከታክሲ እንደምትወርድ ያወቅኩት ወረቀቱን ከፈረመች በኋላ ነው። ሐኪም ነኝ እኮ! አንድ ጥያቄ ብጠይቃት ኖሮ...

ወደ ሺሺንዳ ልመለስ። ልነሳ ስል ሴትዮዋ ግንባራቸውን ይዘው “እኔንስ ማን ያሳርፈኝ?” አሉ፣ እንደ ቀልድ። ከመኪናዬ የደም ግፊት መለኪያ አመጣሁ። 172 በ104። አምስት ደቂቃ አስቀምጬ ደገምኩት፣ 168 በ102። ራስ ምታት አለዎት ወይ ስላቸው “እሱማ የከሰሉ ነው” አሉኝ። ቦንጋ ሄደው እንዲታዩ ብለምናቸው ቡናው ካለቀ በኋላ እሄዳለሁ አሉ። ቡናው የሚያልቀው ታኅሣሥ ነው። በስንት ክርክር ልጅቷ ቁልፉን ይዛ ግማሽ ቀን ቤቱን እንድትጠብቅ ተስማሙ። ማክሰኞ ጠዋት ሄደዋል፤ መድኃኒት ጀምረዋል። ልጅቷ የዚያን ቀን ሒሳቡን ሳታጎድል አስረከበቻቸው ብለው ደወሉልኝ፣ ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ መገረም ነበረበት።